ጋላክሲ ጭነን ወደ ፎርት ዎርዝ

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከካሮልተን ስንነሳ፣ አሮጌዋ መኪናዬ ሦስት ሰውና አንድ ጋላክሲ ጭናለች። ሹፌሩ እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ሆስፒታል ውስጥ ራጅ ማንሳት ነው። ከጎኔ አባቴ፣ ከኋላ ደግሞ የእህቴ ልጅ ሰሎሜ፣ የፊዚክስ ተማሪዋ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ስስ የፕላስቲክ ፊልሞቿን አቅፋ ተቀምጣለች። አንዱ ፊልም ክንዶቹ የተጠማዘዙ ጋላክሲ ፎቶ ነው። በሌላው ላይ ሳተላይት ያየው የራጅ ጨረር በነጥብ በነጥብ ሰፍሯል፤ ከነጥቦቹ አንዱ ከልክ በላይ ያበራል። ሰሎሜ ያ ነጥብ ጋላክሲው ክንድ ላይ መሆኑን ዛሬ ፎርት ዎርዝ አዳራሽ ውስጥ ለሚጠብቃት መምህሯ ካሳየች፣ የሰመር የምርምር ሥራ ታገኛለች። ካላሳየች ያው የዶናት ቤት ሥራዋ ይጠብቃታል።

ከመነሳታችን በፊት በሙያ አመሌ ማርከር አውጥቼ በነጥቡ ፊልም ጥግ ላይ «ግ» ብዬ ጻፍኩ፤ ግራ ለማለት ነው። እኛ ጋ ግራና ቀኙ ያልተለየ ፊልም አይነበብም።

«ጋሼ፣ ካም ኦን! ይሄ እኮ የሰው ደረት አይደለም» ብላ ሳቀችብኝ።

ነዳጅ ማደያ

አውሮፕላን ማረፊያውን አልፈን ነዳጅ ቀዳን፤ ጋሎኑ አንድ ዶላር ገደማ ነው። አባባ ዶናታቸውን እየገመጡ ወደ ኋላ ዞሩ።

«ለመሆኑ ጋላክሲው ምኑን ታሞ ነው ራጅ የሚነሳው?»

«አባባ፣ ጨረሩን የሚረጨው እሱ ራሱ ነው። ምናልባት ጥቁር ጉድጓድ ጋዝ ሲውጥ። መሃሉ ላይ ቢሆን ኦኬ፣ ኖርማል ነው። ክንዱ ላይ ሆኖ እንደዚህ ለምን እንደሚያበራ ግን ማንም ሹር አይደለም።»

«የሚበላው በዝቶ ነዋ!» አሉ አባባ፣ ሁለተኛውን ዶናት እያነሱ። እስከ ፎርት ዎርዝ ድረስ እየሳቅን ሄድን።

አዳራሹ

ሰሎሜ ሁለቱን ፊልሞች ፕሮጀክተሩ ላይ ደረበች። ደማቁ ነጥብ ከክንዱ ርቆ ባዶ ጨለማ ላይ አረፈ። ገፋ አደረገችው፣ አዞረችው፤ አልገጥም አለ። መምህሯ ግንባሩን ቋጠረ። ምልክቱን የጻፍኩት እኔ ሆኜ ሳለ ዓይኔን ከፊቷ ላይ ነቅዬ የፊልሙን ጥግ ማየት አቃተኝ።

አባባ ግን ብድግ አሉ። «ሰሎሜ! ‹ግ› ጀርባዋን ሰጥታናለች፤ ፊልሙን ገልብጪው!»

በአዳራሹ አማርኛ የሚያነበው ሦስት ሰው ብቻ ነበር። ለሌላው «ግ» ወዴትም ብትዞር ያው ናት።

ገለበጠችው። ነጥቡ ክንዱ ላይ ቁጭ አለ! መምህሯ አጨበጨበ፤ ሥራው ያንቺ ነው አላት። እኔ ያለ ሀፍረት አለቀስኩ።

መልስ

ብርሃን የቱንም ያህል ቢደምቅ፣ ከየትኛው ወገን እንደምናየው ካላወቅን ያሳስተናል። በየቀኑ በዚሁ የምሠራ ሰው፣ ይህን ለመማር ፎርት ዎርዝ ድረስ መሄድ ነበረብኝ።

ካሮልተን ደርሰን ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላ ሰሎሜ አልወርድም አለች።

«ጋሼ፣ ማርከሩን ስጠኝ።»

የቀሩትን ፊልሞች ጭኗ ላይ ዘርግታ በየጥጉ «ግ» መጻፍ ጀመረች። አባባም ወደ ኋላ ወንበር ተሻግረው፣ የእያንዳንዷን ፊደል እግር ያርሙላት ነበር።