የሚዛን መርማሪዋ ፕሮሰሰር

ከመጀመሪያው ቀን ነው ያናደዱኝ። እኔ የኮምፒውተር ዕቃ እሸጣለሁ። ሰው ይመጣል፣ «የቱ ይሻላል?» ይላል፣ ውዱን አወርድለታለሁ፣ አመስግኖኝ ይሄዳል። እኚህ ሴትዮ ግን የገበያ ሚዛን መርማሪ ናቸው። ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል፣ መነጽራቸው በገመድ አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል፣ ሥጋ ሻጩም እህል ሻጩም ገና ከሩቅ ሲያያቸው ላብ ያጠምቀዋል። ሰፈሩ «ሚዛኗ» ይላቸዋል፤ ከጀርባቸው ነው ታዲያ።

«የጌም ኮምፒውተር ልገጥም ነው» አሉኝ።

«ለልጅዎ ነው?»

«ለራሴ። ምን ያስቃል?»

አልሳቅኩም፤ ሊያመልጠኝ ግን ትንሽ ነበር የቀረው። ባለ አሥራ ስድስት ኮሩን፣ ማለትም አሥራ ስድስት ሠራተኛ አንጎል ያለውን ፕሮሰሰር አወረድኩላቸው። ካርቶኑን ወዲያና ወዲህ ካገላበጡ በኋላ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ጌሙ ከነዚህ ስንቱን ያሠራል?»

«ቢበዛ ስድስቱን።»

«የቀሩትስ?»

«ቁጭ ብለው ያያሉ።»

«የኛን መሥሪያ ቤት አስመሰልከው» አሉና ባለ ስድስቱን፣ ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስኬድ የሚቻለውን መረጡ። ትክክል ነበሩ። ይኸው ነው ያናደደኝ።

ምክንያቱን የነገሩኝ ዕቃውን ስጠቀልል ነው። እናታቸው ከሞቱ በኋላ ታናሽ ወንድማቸውን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አግብቶ ሌላ ከተማ ሲገባ እሁድ እሁድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሁለቱም በየቤታቸው ኮምፒውተር ይከፍቱና የጭነት መኪና ጌም ይጫወቱ ነበር። ሁለት መኪና ተከታትሎ ተራራ ይወጣል፣ እነሱ በማዳመጫው ወሬያቸውን ይሰልቃሉ። አዲሱ ጌም ሲወጣ የእሳቸው ማሽን በየኩርባው ስታክ ማድረግ፣ ቀጥ ብሎ መቆም ጀመረ። ወንድማቸው ከፊት ቆሞ ይጠብቃል። በመጨረሻ፣ «እትዬ፣ ማሽንሽ አይችለውም። ስትቀይሪ እንጫወታለን» አላቸው። ሁለት ዓመት ሆነው።

«ከዚያ ወዲህ እሁድ አያልቅም» አሉኝ። «ይሄኛው እንዲፈጥን የምፈልገው ዳግመኛ ቆሞ እንዳይጠብቀኝ ነው።»

እንግዲህ አስረዳኋቸው። ፍጥነቱ አንድ ደረጃ ይጨመራል፤ ፕሮሰሰሩን የሚያስጨንቅ ፕሮግራም ተከፍቶለት አንድ ሰዓት ይፈተናል፤ ሙቀቱ ይታያል። ከቻለው ሌላ ደረጃ፣ ካልቻለው ወደኋላ። ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ቀን የወጡ ሁለት ፕሮሰሰሮች እንኳ አቅማቸው እኩል አይደለም፤ የያንዳንዱ ልክ የሚታወቀው በትዕግሥት ነው። ይህን ስል ፊታቸው በራ። ሚዛን ሲመረምሩም የሚያደርጉት እሱኑ ነው፣ ድንጋይ በድንጋይ እየጨመሩ።

ከሥራ እንደወጡ ይደውሉልኛል። «ዛሬ ሰባ ሁለት ዲግሪ ላይ ቆመ።» «ዛሬ ጥቁር ሆኖ ጠፋብኝ፣ ሞተ እንዴ?» አልሞተም፣ አንድ ደረጃ ዝቅ ያድርጉት እላለሁ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብዬ ስቀልድባቸው፣ «የኔ እንቁላል በመኪና ነው የሚሄደው» አሉኝ። በሦስተኛው ሳምንት ግን የሚጠይቁኝን ሁሉ ከእኔ በላይ እንደሚያውቁት ገባኝ። የሚደውሉት የሚያወሩት ሰው ስለሌላቸው ነበር። ደንበኛ ሱቅ ውስጥ ቆሞ እያየኝም ቢሆን ስልኩን አልዘጋባቸውም።

አንድ ሐሙስ፣ «ተሳካ! እሁድ ናና እይልኝ» አሉ። ዘመድ እንዳይጠሩ ያው ወንድማቸው ብቻ ነው ያላቸው። ሄድኩ። አንድ ክፍል ነው፣ እንደ ባለቤቱ የተስተካከለ። አልጋው ተነጥፏል፣ መመርመሪያ ድንጋዮቹ በየክብደታቸው መደርደሪያ ላይ ተሰልፈዋል፣ ወንበር ግን አንድ ብቻ ስለሆነ እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ለአንድ ሰዓት ያህል ተራራውን ወጡልኝ፤ በዝናብ፣ በጭጋግ፣ በገደል አፋፍ። ማሽኑ አንዴም አላንገራገረም። እኔ ይህን ያህል ዓመት ስሸጥ እንዲህ ልኩን ያገኘ ማሽን አላየሁም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መኪናውን መንገድ ዳር አቁመው ደወሉ። እኔም እንድሰማ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ያነሳችው የወንድማቸው ሚስት ናት።

«እትዬ! ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ። እስቲ ኮምፒውተሩን ይክፈት በይልኝ።»

«የቱን? የጌሙን? እሱንማ ሕፃኑ ሲወለድ ለሥራ ባልደረባው ሰጠው እኮ። ሁለት ዓመት አለፈው። አልነገረዎትም?»

ፊታቸውን ማየት ስላልፈለግኩ ድንጋዮቹን አየሁ። ስላለቀሱ አይደለም፤ አላለቀሱም።

«ነግሮኛል፣ ረስቼው ነው» አሉ።

ከኋላ ሕፃን ይጮሃል፣ ከዚያ የወንድምየው ድምፅ መጣ፣ የደከመው ሰው ድምፅ። መጀመሪያ ጠላሁት። «እትዬ፣ እንዴት ሆነ ማሽንሽ? ተስተካከለ?» ሲል ግን ፍርሃቱ ተሰማኝ፤ እምቢ የሚልበት መንገድ ጠፋው እንጂ አልጠላቸውም።

ሚዛኗ ስክሪኑን አዩ። የመኪናው ሞተር ይሠራል፣ ዝናቡ መስታወቱ ላይ ይወርዳል።

«ገና ነው» አሉ። ስለ ግማሽ ግራም ነጋዴ የሚቀጡ ሴት ናቸው። «ሲሞቅ ስታክ ያደርጋል። ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል።»

«አይዞሽ፣ አትቸኩዪ» አለ፤ ድምፁ ወዲያው ቀለለ። «ሲስተካከል እንጫወታለን።»

«እሺ፣ የኔ ጌታ። ልጁን ሳምልኝ።»

ስልኩን ዘጉ። መነጽራቸውን አወለቁና በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ አይተኸዋል አይደል? አንዴ እንኳን አልቆመም።»

«አልቆመም» አልኳቸው።