ያረጀው የእህቴ ብሩሽ

የወተት ጥርሶቼ በሚነቃቀሉበት ዕድሜ፣ ገና ትንሽ ልጅ ሳለሁ፣ የግቢያችን የከሰል ጭስ ማምሻውን ከፋብሪካዎቹ ጭስ ጋር ተቀላቅሎ በአቃቂ ወንዝ ላይ ቀስ ብሎ ይንሳፈፍ ነበር። ያኔ ጎረቤታችን ጋሽ በላቸው፣ ከባቡር ጥገና በጡረታ የወጡ ሽማግሌ፣ ምድጃው ዳር ተቀምጠው ተረት ያወሩልን ነበር። ፍሙም እንደኛ የሚያዳምጥ ይመስለኝ ነበር።

ታላቅ እህቴ አስናቀች ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራ ነበር። ሁላችንም በመፋቂያ ስንፍቅ እሷ ሰማያዊ የጥርስ ብሩሽ ነበራት። መፋቂያ ሲታኘክ እየለሰለሰ ስለሚሄድ፣ ብሩሹም ባረጀ ቁጥር የሚሻል መስሏት፣ ፀጉሩ ግራና ቀኝ ተንጋዶ እንኳ አልጣለችውም። ድዷ ግን አበጠ፤ ጠዋት የምትተፋው ውሃ ቀላ። ሊያጯት ሽማግሎች የሚመጡበት ጊዜ ተቃርቦ ነበርና እናቴ ተጨነቀች፤ የፊት ጥርሷ በሽታ ይዞታል ብላም ለቅዳሜ ጥርስ ነቃይ ቀጠረች። አስናቀች ከዚያ ወዲያ አፏን በእጇ ሳትሸፍን አትስቅም ነበር።

አንድ ምሽት ብሩሹን ስታጥብ ጋሽ በላቸው አዩዋት።

«አስኒ፣ ይሄ ምንድን ነው? ውሻ ያባረራት ድመት ጅራት?»

«አሁን ገና መለስለሱ ነው እኮ ጋሼ። እንደ መፋቂያ ነው።»

«መፋቂያማ ጫፉ ሲያልቅ ቆርጠሽ ሌላውን ታኝኪያለሽ። የዚህን ጫፍ በምን ልትቆርጪው ነው?»

እህቴ ብሩሹን አገላብጣ አየችው። እሳቸውም ፋኖሱን ዝቅ አድርገው ተረታቸውን ጀመሩ። መጥረጊያዋን እጅግ የምትወድ ሴት ነበረች አሉ። መጥረጊያው ሲያልቅ የቤቱን መሃል ብቻ ይጠርግ ጀመር፤ ጉድፉ በግድግዳው ሥር ተከማቸ፣ ምስጥም ገባበት። ሴትዮዋ በግድግዳው ተናዳ የሚያፈርስ ሰው ስትጠራ ዶሮዋ «እመቤቴ፣ ግድግዳው ምን አደረገ?» አለቻት።

እናቴ ፍሙን ስትቆሰቁስ ቆየችና፣ «እንግዲህ ቅዳሜ ይቅር» አለች።

በማግሥቱ አስናቀች ከስልጤው ባለሱቅ አዲስ ብሩሽ ገዛች። ጠዋትም ማታም፣ ጥርሷና ድዷ የሚገናኙበትን ቦታ ሳትጫን፣ የተኛ ሕፃን እንደምትዳስስ ሆና ታጸዳ ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የምትተፋውን ውሃ አያለሁ። ቀዩ እየሳሳ ሄደ፤ ከዚያ አንድ ጠዋት ውሃው ውሃ ብቻ ሆነ።

ዛሬ ይህን ስጽፍ ያን ጊዜ ከሰማኋቸው ተረቶች ብዙዎቹ ከህልም ጋር ተደባልቀውብኛል፤ የቱን እንደሰማሁ፣ የቱን እንዳለምኩ አላውቅም። የሽማግሎቹን ቀን ግን አልረሳም። ጋሽ በላቸው አንድ ነገር በጆሮዋ ሹክ ቢሏት፣ አስናቀች ጠላ መቅጃውን እንደያዘች፣ ሁለቱም እጆቿ ሥራ ላይ እንዳሉ፣ በሙሉ ጥርሷ ሳቀች። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ሰው አለ» ብላ ብትቆነጥጣትም ሳቋን ማቆም አልቻለችም።