ደሜን በበረዶ የያዙት ሹፌር

ይህ የገጠመኝ አምና ክረምት ላይ ነው። የማልረሳው ልቤ ስለተቀደደ አይደለም፤ ሕመምማ ይረሳል። የማልረሳው ያን ቀን ደጋግመው የጠየቁኝን ጥያቄ ነው፦ «አስታማሚሽ የታለ?»

በልጅነቴ ቶንሲል እየተመላለሰብኝ ልቤን ጎድቶታል። አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ቂሊንጦ አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቀጠርኩ። ደረጃ መውጣት ሲያቅተኝ ወረፋ ጠብቄ የልቤን ቫልቭ አስቀየርኩ። ቀዶ ጥገናው ተሳክቶ ቃሊቲ ወደተከራየኋት ክፍሌ ተመለስኩ። የምኖረው ብቻዬን ነው። እናቴ ሞታለች። አባቴን አላውቀውም። ካሳደገችኝ አክስቴ ጋር ተኳርፈናል። የሥራ ጓደኞች አሉኝ፤ ግን ፈረቃ ላይ ያለ ሰው ስልክ እንኳ አያነሳም።

ልክ ድኛለሁ ብዬ ልብሴን ማጠብ በጀመርኩበት ሰሞን ትኩሳት ያዘኝ። አየር ስስብ ደረቴን ይወጋኛል። ባጃጅ ጠርቼ እዚሁ ክፍለ ከተማችን ውስጥ ወዳለ ሆስፒታል ሄድኩ፤ አስተኙኝ።

ዶክተሯ በእኔ ዕድሜ ትሆናለች። አልደበቀችኝም።

«ልብሽ ዙሪያ ፈሳሽ አለ» አለችኝ። «ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ እሱ ከሆነ ደረትሽ እንደገና ይከፈታል። ወይም ሰውነትሽ በቀዶ ጥገናው ተቆጥቶ ነው፤ እሱ በኪኒን ይድናል።»

«እና የቱ ነው?»

«በመርፌ ከቀዳነው ፈሳሽ ላይ እስካሁን ተህዋስ አልታየም። እሱ ብቻውን ግን አያስተማምንም። እዚህ የሠራነው የደም ምርመራም በሁለቱም ከፍ ይላል። ፕሮካልሲቶኒን የሚባል ሌላ የደም ምርመራ አለ። እሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨምረው ባክቴሪያ ሲኖር ነው። እኛ ጋ የለም፤ ሳሪስ ያለ ላብራቶሪ ይሠራዋል። ቀዶ ጥገና የሠሩልሽ ሐኪሞች ውጤቱን እየጠበቁ ነው። ዛሬ ካልደረሰ ሳይጠብቁ ሊከፍቱሽ ይችላሉ። አስታማሚሽ ደሙን ይውሰድ።»

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሆስፒታሉ ይቀዳል፤ የሚሮጠው ዘመድ ነው።

«የለኝም።»

«ጎረቤትስ?»

«የለኝም አልኩሽ እኮ!»

ደሙን ቀዱና ብልቃጧን አልጋዬ አጠገብ አስቀመጡልኝ። ትንሽ ናት፤ ጣቴን አታክልም። ራሴ እወስደዋለሁ ብዬ እግሬን መሬት ሳስነካ ክፍሉ ዞረብኝ።

«አንቺ ልጅ፣ አምጪው» አለ አንድ ድምፅ።

አጠገቤ የተኙት እትዬ ዘሀራ ስኳር እግራቸውን አቁስሎባቸው ነበር። የተናገሩት ባለቤታቸው ጋሽ ሰይድ ናቸው። የወሎ ሰው ናቸው፤ ከዝዋይ ዓሣ የሚያመላልሱ ሹፌር።

«እኔ እኮ አላውቅዎትም» አልኳቸው።

«እኔስ መች አውቅሽ! ደሙን ነው የማደርስ።»

ይዘውት ወጡ። ተመልሰው ሲመጡ እጃቸው ላይ ውሃ የሚንጠባጠብ ፌስታል አየሁ።

«አልተቀበሉኝም» አሉ።

ለካ መንገዱ በከባድ መኪና ተዘጋግቶ ሲያዩ ደሙ እንዳይበላሽ ሰግተዋል። አንድ ደንበኛቸው የሆነ ዓሣ ቤት ገብተው በረዶ ለምነው ብልቃጧን እዚያ ውስጥ ቀበሯት። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚያውቁት ይህን ነው፤ የሚቆይ ነገር በበረዶ ይያዛል። ላብራቶሪው ደግሞ ደሙ በርዶ ፈርሷል፣ ሌላ ይቀዳ ብሎ መለሳቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ የሰው ደም ዓሣ መሰለህ?» አሉ እትዬ ዘሀራ።

እኔ አንቱታው ከአፌ ጠፋ። «ልትገድለኝ ነው? ማን ነካካው አለህ? እንደገና ስቀደድ አንተ ትተኛልኛለህ? ሂድ! ሂድልኝ ከፊቴ!»

 ጋሽ ሰይድ ፌስታሉን ይዘው ወጡ። ሰው ትቶኝ ሲሄድ ጀርባው ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ይኸውና ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ትንሽ ቆይቶ ነርሷ መጣች። ጋሽ ሰይድ ከኋላዋ ቆመዋል። ለካ የወጡት እሷን ሊጠሩ ነው። ደም ስሬ ጠፍቶ ሁለቱንም ክንዴን ወጋጋችኝ፤ በመከራ ቀዳች።

«ሲስተር፣ አሁን እንዴት አድርጌ ልያዘው?»

«እንዲሁ እንዳለ፣ ቶሎ! በረዶ የሚባል ነገር እንዳላይ!»

«በረዶ የለም» አሉ፣ እንደ ተማሪ ደግመው። ሮጡ።

«አብሽሪ» አሉኝ እትዬ ዘሀራ። «እሱ ይሳሳታል እንጂ አይተውም።»

ዝናቡ ጀመረ። እትዬ ዘሀራ ሲደውሉላቸው ጋሽ ሰይድ መንገዱ ተዘግቶባቸው መኪናቸውን አቁመው በእግራቸው እየሄዱ ነበር። እኔ ኮርኒሱን እያየሁ ደረቴ ላይ ያለውን ስፌት በጣቴ እዳብስ ነበር። እንደገና ብከፈት ከዚያ አልጋ የምነሳ አልመሰለኝም።

ሊመሽ ሲል ዶክተሯ ስልኳን ይዛ መጣች። ላብራቶሪው ውጤቱን ልኮላታል፤ ዝቅተኛ ነው። ሐኪሞቹንም አነጋግራለች።

«አይከፈትም» አለችኝ። «በኪኒን እንጀምራለን።»

ስልኬን አወጣሁ። ስሞቹን ወደ ላይ ወደ ታች አየኋቸው። «አልከፈትም» ብዬ ብነግረው ደስ የሚለው ሰው ፈለግኩ። መልሼ አስቀመጥኩት። ወደ እትዬ ዘሀራ ዞርኩ፤ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ቢሆንም ነገርኳቸው።

ጋሽ ሰይድ በስብሰው ገቡ። ውጤቱን ስነግራቸው «አልሐምዱሊላህ» አሉና ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ።

«ጮህኩብዎት» አልኳቸው። ከዚህ የተሻለ ቃል አልመጣልኝም።

«ታዲያ ደሙ ያንቺ፣ ጥፋቱ የኔ። ማን ላይ ልትጮሂ ኖሯል?»

በማግስቱ አልትራሳውንድ ተነስቼ ስመለስ አጠገቤ ባለው አልጋ ላይ ሌላ ሴት ተኝታለች። እትዬ ዘሀራን ወደ ሌላ ሆስፒታል ልከዋቸዋል።

አሁን ድኜ ሥራዬ ላይ ነኝ። አንድ ደግ ሰው አገኘሁና ብቸኝነቴ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽም። ቤቴ ገብቼ በሩን ስዘጋ ያው ያው ነው። እኔ ምላሴ ስለታም ነው፤ ብዙ ሰው ላይ ጮኼያለሁ፤ ሁሉም ሄደዋል። ጮኼባቸው የተመለሱልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ስልካቸውን አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።