ጠላ የማይገባበት ቤት

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነበር። በድርቁ ጊዜ ከየገጠሩ ተነስተው መካነ ሰላም ሲደርሱ ለሚሞቱት ሰዎች ከነጭ አቡጀዲ ለክርስቲያኑ መገነዣ፣ ለእስላሙ ከፈን ሲሰፋ ከረመ። ድርቁ አልፎ፣ ንጉሡ ወርደው፣ እህል ገበያ ሲወጣ እሱ አረቄ ቤት ገባ። እጁ እየተንቀጠቀጠ ክር ከመርፌ ማስገባት አቃተው። የስፌት መኪናውን ጨርቅ አልብሶ ተወው።

እኔ ደግሞ ነገር ካልገባኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። የዚህ በሽታ ሐኪም የት ነው ያለው? የጤና ጣቢያው ድሬሰር "ደሴ ጠይቂ" አለኝ። ደሴ ስሄድ አዲስ አበባ ጠይቂ አሉኝ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ስካር የፊውዳል ሥርዓት ርዝራዥ መሆኑን ሲያስረዳኝ ዋለና ማታ አረቄ ቤት ከባለቤቴ ጎን ተቀመጠ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

ጠበልም ወስጄው ነበር። እዚያ እስካለ ደህና ነበር፤ ሰፈር በገባ ማግሥት ወደ አረቄው ተመለሰ። ይኼን ነገር ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ። ጠበሉ አድኖት ይሆናል፤ ግን እዚያ መጠጥም አልነበረም። ስለዚህ ሐኪሙን መፈለግ ትቼ መጠጥ የማይገባበት ቤት መፈለግ ጀመርኩ። የእኛ ሰፈር ማኅበር ሲሆን ጠላ፣ ተዝካር ሲሆን ጠላ፣ ደቦ ሲሆን ጠላ ነው። ቤቱን ሁሉ በሐሳቤ ዞሬ ስጨርስ አቡጀዲ የሚያመጡልን የከላላው ነጋዴ ሐጂ ትዝ አሉኝ።

ለገበያ ሲመጡ ጠብቄ፣ "ሐጂ፣ እርስዎ ቤት መጠጥ ይገባል?" አልኳቸው።

"አላህ ይጠብቀን! ምነው ልጄ?"

ሁሉንም ነገርኳቸው። መሬት መሬት እያዩ ሰሙኝ።

"አብሽሪ፣ አይዞሽ፣" አሉኝ። "ሥጋችንን እንደሁ አይበላም፤ ሽሮ አይጠፋም። የስፌት መኪናውን በበቅሎ ጫኚና ስደጂው።"

አማቴ "ልጄን ሊያሰልሙብኝ ነው!" ብለው አገር ይያዝልኝ አሉ። ባለቤቴ ግን በቅሎዋን ተከትሎ ሄደ።

ወሬ ስለቃቅም ከረምኩ። ሐጂ እሁድ እሁድ ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት ሲመለሱ በሩን አንኳኩተው "ተነስ እንጂ፣ ቤተ ክርስቲያንህ ደወለ" እንደሚሉት ከገበያተኛ ሰማሁ። አማቴ ይኼን ሲሰሙ እፎይ አሉ። መስፋት ጀምሮ እንደሆነ ግን የሚነግረኝ ጠፋ፤ እኔ ማወቅ የምፈልገው ደግሞ እሱን ነበር።

እህል ሲሰበሰብ ራሴ ሄድኩ። ገና ከመንገድ ሳለሁ የስፌት መኪናው ድምፅ ተሰማኝና እርምጃዬን አፈጠንኩ። ባለቤቴ በሐጂ ሱቅ በረንዳ ላይ አጎንብሶ ይሰፋል። እግሩ ሥር ነጭ አቡጀዲ ተቆልሏል። ያን ነጭ ሳይ ያ ዘመን ተመልሶ የመጣ መሰለኝ።

"ደግሞ ማን ሞተ?" አልኩት፣ ሰላምታም ሳልሰጠው።

ቀና ብሎ አየኝ። ክሩን በጥርሱ በጠሰና ከክንዴ የማትበልጥ ቀሚስ ወደ ላይ ከፍ አድርጎ አሳየኝ። እጁ አልተንቀጠቀጠም።

"አብሽሪ፣ ማንም አልሞተም" አለኝ። "የሐጂ የልጅ ልጅ ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ቆማ ሄደች።"