ልጄ ያልመለሰችው ጥያቄ

ከቤት የወጣነው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ነው፣ ዶሮ ታቅፌ። የሚሰደድ ሰው በሌሊት ነው የሚወጣው ብላችሁ ታስቡ ይሆናል፤ እኛ ግን የወገዳን ገበያ ቀን ጠብቀን እንደ ማንኛውም ገበያተኛ ሄድን። ባለቤቴ ሞላ ነው የመከረን። «በሌሊት የተነሣ ሰው ገንዘብ ይዟል ይባላል፤ መንገድ ላይ የሚጠብቃችሁ አይጠፋም» አለ። እውነቱን ነው፣ በዚያ ሰሞን ሰው እያገቱ ብር የሚያስከፍሉ ነበሩ። እኔ ዶሮዋን ያዝኩ፤ ልጄ ስለናት ሽንብራ በከረጢት አዘለች፣ ከሽንብራው ሥር ሁለት ቀሚስና የስምንተኛ ክፍል ካርዷ አለ። ሞላ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ጎረቤት እንዳይጠረጥር ብሎ ልጁን እንኳ ስሞ አልሸኛትም።

ቁልቁለቱ ላይ ጎረቤታችን ዘነቡ አገኘችን።

«ደብሬ፣ ዶሮዋን ስንት ትያታለሽ?»

«አልሸጣትም» አልኳት ደንግጬ።

«አልሸጣትም? ታዲያ ገበያ ልታሳዪያት ነው የወሰድሻት?»

ስለናት ሳቋን ልትደብቅ ፊቷን አዞረች። እኔ ግን ያወቀችብኝ መሰለኝና ባለችው ዋጋ፣ በግማሹ፣ እዚያው መንገድ ላይ ሸጥኩላት። ይኼ ደግሞ ባሰ።

«እንግዲያ ከሸጥሽ ምን ያንገላታሻል? ተመለሻ!»

«ጨው እገዛለሁ።»

«እንግዲያ ለእኔም አንድ ኪሎ ያዥልኝ።»

ዘነቡ፣ ይህን የሚያነብልሽ ሰው ካገኘሽ፣ ስለ ጨውሽ ይቅር በይኝ።

የወጣሁት ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለናት እንድትማር። በተኩሱ ምክንያት ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ልጅቱ ደብተሯን ይዛ ጓሮ ትቀመጥና ለፍየሎቹ ታስተምር ጀመር። እኛ እንስቃለን፣ እሷ ግን የምሯን ነበር። በኋላ ሽማግሌ ተላከ። ሞላ ክፉ ሰው አይደለም፤ «ቤት ከምትቀመጥ ትዳሩ ይሻላታል» አለ እንጂ። እኔ እምቢ አልኩ። እኔ ራሴ ከሦስተኛ ክፍል ወጥቼ ነው የተዳርኩት፤ ይህቺን የምጽፍባትን ፊደል ይዤ የቀረሁት ከዚያ ነው። ካምፓላ የምትኖረው የእህቴ ልጅ አለም በስልክ «አክስቴ፣ ልጅቷን አምጫት፤ እዚህ ትምህርት ቤቱ ክፍት ነው» ስትለኝ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ደፈርኩ። ፈሪ ሴት ነኝ፤ የሚያውቀኝ ያውቀዋል።

መንገዱን አላረዝምባችሁም። ደብረ ታቦር፣ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ፣ ሞያሌ፣ ከዚያ ኬንያን አቋርጠን ካምፓላ። ሙሉውን መንገድ የስለናትን እጅ ይዤ ነበር። ሽንት ቤት ስትገባ እንኳ በሩ ላይ ቆሜ «አለሽ?» እላታለሁ። «አለሁ እማ፣ የት እሄዳለሁ?» ትለኛለች።

ኡጋንዳ ማለት፣ ምን ልበላችሁ፣ አረንጓዴ የማይለቃት አገር ናት። ክረምት፣ በጋ የሚባል የለም። ዓመቱን ሙሉ ይሞቃል፣ ሁለቴም ይዘንባል፤ ከጉና የሚወርደው ውርጭ እዚህ ቢነገር ተረት ይመስላል። አፈሩ ቀይ ነው፤ ዱላ ብትተክሉበት ያቆጠቁጣል። ይህን ሁሉ አፈር ይዘው የሚበሉት ግን ያልበሰለ ሙዝ ነው። ማቶኬ ይሉታል፤ በቅጠሉ ጠቅልለው ይቀቅሉታል፣ ያቦኩታል፣ ከላዩ ሐምራዊ የለውዝ ወጥ ያፈሱበታል። የመጀመሪያ ቀን ስቀምሰው ጨውም በርበሬም የለው፤ የበሶ ናፍቆት እንባዬን አመጣው።

ቤት ለመከራየት የሰፈሩ ሹም ደብዳቤ ያስፈልጋል። ቼርማን ይሉታል። አለም እያስተረጎመች ጠየቀኝ።

«ባል አላት?»

«አላት።»

«መሬትስ?»

«አላቸው።»

«በሬ?»

«ሁለት።»

ብዕሩን አስቀምጦ አየኝ። «ባል፣ መሬት፣ ሁለት በሬ። እኔ እንኳ በሬ የለኝም! ይቺ ሴት ከምን ሸሸች?»

አለም ምን ልበለው ብላ ዞረችብኝ። «ከጥይት በይው» አልኳት። ነገረችው። አንገቱን እየነቀነቀ «አዝናለሁ» አለና የመጣችበት ምክንያት በሚለው ላይ ጻፈ። ስንወጣ ስለናት አነበበችልኝ። «ለጉብኝት» ነው የሚለው።

አከራያችን ማማ ናንሲ ትባላለች፤ እዚህ ሴት በልጇ ስም ነው የምትጠራው። ጥሩ ሰው ናት፣ ጾማችን ግን አልገባትም።

«ዛሬም ሥጋ አትበሉም?» ትላለች ድስታችንን ከፍታ።

«ጾም ነው» ትላታለች ስለናት በእንግሊዝኛ።

«ትናንትም ጾም ነበር።»

«ትናንት ረቡዕ ስለሆነ ነው።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ የፍልሰታ ጾም ገብቷል።»

«ለመሆኑ በአገራችሁ ሰው የሚበላው መቼ ነው?»

ሁለተኛው ሳምንት ላይ አለም ትምህርት ቤት ሄዳ ጠየቀችልን። ዳይሬክተሯ «ልጅቷ ስለ አገሩ ታጥና፤ ስለ መልክዓ ምድሩ፣ ስለ ታሪኩ፣ ስለ ገንዘቡ በቃል እጠይቃታለሁ። ከመለሰች ሁለተኛ ደረጃ ትገባለች፤ ካልመለሰች ዝቅ ብላ ትጀምራለች» አለቻት። አሮጌ መጽሐፍ ገዛንላት። ስለናት ማጥናት ማለት ለሰው ማስረዳት ነው የሚመስላት፤ ፍየል ስለሌለ እኔን አስቀመጠችኝ።

«እማ፣ ይቺም አገር እንደኛ ባሕር የላትም።»

«ያ ማዶው የማይታየውስ?» ከአውቶቡስ ያየነውን ውኃ ማለቴ ነው።

«እሱ ሐይቅ ነው። ዓባይ ሁለት ነው እማ፤ ነጩ የሚወጣው ከዚህ ነው፣ የእኛው ጥቁሩ ሱዳን ላይ ይገናኘዋል።»

«ከእስቴ በታች የሚያልፈው የእኛው?»

«የእኛው።»

ይኼን ስሰማ አገሩ ትንሽ ዘመድ መሰለኝ። ዓለምን እኩል የሚከፍለው መስመር በዚህ ያልፋል፣ ለዚህ ነው ቀኑና ሌሊቱ ሁልጊዜ እኩል የሆነው አለችኝ። ካባካ የሚሉት ንጉሥ አላቸው፣ ዛሬም አለ፣ ግን አገሩን የሚገዛው ሌላ ነው። እንግሊዞች ገዝተዋቸው ነበር፤ ነፃ የወጡት በእኛ መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው። እኔም አብሬ ያዝኩት። ቲማቲም ስልጥ በሆዴ እለዋለሁ።

ገንዘባቸው ሽልንግ ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ አለም የያዝነውን ስትመነዝርልኝ መቶ ሺህ በመቶ ሺህ ሆንኩ፣ ሀብታም የሆንኩ መስሎኝ ደነገጥኩ። በሦስተኛው ቀን አለቀ። አንድ መደብ ቲማቲም በሺህ ነው የሚጠራው። በትልቁ ወረቀት ላይ ጎሪላ አለ። በሳንቲሞቹ ላይ ደግሞ ዓሣ አለ፣ ዘውድ የደፋች ወፍ አለች፣ ቀንደ ረዥም ከብት አለ። ሞላ ያንን ከብት ቢያይ ሳንቲሙን አያወጣውም ነበር።

እንግዲህ ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው።

የማማ ናንሲን ልጆች አይ ነበር። ሴት ልጅ ለታላቅ ሰላምታ ስትሰጥ መሬት ላይ ትንበረከካለች። ጭቃም ቢሆን፣ ዩኒፎርም ብትለብስም። አየሁና ደስ አለኝ። ከእኛም ይበልጣሉ፣ የሥርዓት አገር ነው አልኩ። ሐሙስ ጠዋት አለም ሥራ ስለነበራት ለብቻችን ወደ ትምህርት ቤቱ ስንሄድ፣ መንገድ ላይ ስለናትን መከርኳት። «እንደነሱ ተንበርከኪ። ዓይን ዓይኗን አትያት። እንደጠየቀችሽ ቀልጠፍ ብለሽ አትመልሺ፣ ሁለቴ እስክትጠይቅሽ ጠብቂ። ስትመልሺም ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ። አፏን ቀድማ የምትከፍት ልጅ አሳዳጊ የበደላት ናት ይሏታል።»

«እማ፣ እዚህ እንደዚያ አይመስለኝም።»

«እንዴት አይሆንም? ሲንበረከኩ አላየሽም?»

ነጠላዋን አስተካክላ ተከተለችኝ። እኔ ያላየሁት፣ የማማ ናንሲ ልጆች ተንበርክከውም ጮክ ብለው ነው የሚያወሩት። ጉልበታቸውን ብቻ ነው ያየሁት።

ዳይሬክተሯ ወፍራም፣ መነጽር ያደረገች፣ ፈገግታ ያላት ሴት ናት። ስለናት ተንበረከከች። ሴትዮዋ ደስ ብሏት አነሣቻትና አስቀመጠቻት። ጠየቀቻት። ልጄ አንገቷን ደፋች፣ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች፣ ጠበቀች። ሴትዮዋ ሁለተኛ ሳትጠይቃት ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጭራ ወደሚቀጥለው አለፈች። ልጄ ጠበቀች። ሌላ ተጠየቀች። አንድ ጊዜ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ድምፅ ግን እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አልሰማሁም። ሴትዮዋ ከሳንቲሞቹ አንዱን ከመሳቢያ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላት፣ በጣቷ አሳየቻት፣ ጠበቀቻት። ስለናት ሳንቲሙን አየች፣ እኔን አየች፣ አንገቷን ደፋች።

እኔ ምን እያልኩ እንደነበር ልንገራችሁ? ምን የመሰለች ጨዋ ልጅ አሳደግኩ እያልኩ ነበር። ኮርቼ ነበር።

ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ በሐዘን እጄን ጨበጠችኝና ወረቀት ሰጠችን። ስለናት እስከ በሩ ድረስ አላነበበችውም። ውጭ ቆማ አነበበችው።

«አምስተኛ ክፍል ነው የሚለው።»

«አምስተኛ? ስምንተኛ የጨረሽ ልጅ? ከበደሽ እንዴ ጥያቄው?»

«ሁሉንም አውቀው ነበር። የሐይቁን ስም ነው የጠየቀችኝ። ከብቱን ነው የጠየቀችኝ፣ እማ፣ ሳንቲሙ ላይ ያለውን!»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

አየችኝ። «ሁለቴ እስክትጠይቅሽ ጠብቂ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ? ሁለቴ አትጠይቅም እኮ።»

ያን ማታ አለም ስትሰማ ተነሥታ ቆመች። «አክስቴ፣ ነገ ሄጄ ላስረዳት፣ በአገራችን እንዲህ ነው ልበላት።» እኔ ከለከልኳት። መምህር የወሰነችውን? ብትቆጣስ፣ ጭራሽ ብታባርራትስ፣ ለጉብኝት የሚለውን ወረቀት አምጡ ብትልስ? «ግድ የለም፣ ጎበዝ ናት፣ ቶሎ ትዘላቸዋለች» አልኩ። ስለናት ግድግዳውን እያየች ተኝታ ነበር፤ እንቅልፍ እንዳልወሰዳት አውቃለሁ። እሷም አልለመነችኝም። መለመን አላስተማርኳትማ።

ዩኒፎርም ገዛን። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ ከአሥር ዓመት ልጆች ወንበር ሥር አልገባ አለ። ልጆቹ «ማማ» ብለው ይጠሯት ጀመር። ለእኔ አልነገረችኝም፣ ማማ ናንሲ ናት ከልጆቿ ሰምታ የነገረችኝ፣ እየሳቀች። ለሁለት ወር ጠዋት ጠዋት ዩኒፎርሙን ለብሳ ወጣች። ትምህርት ቤት እንዳልነበረች ያወቅሁት ከአለም ነው፤ የአበሻ ምግብ ቤት ሰሃን ታጥብ ነበር። እዚያ አንዲት ደቡብ ሱዳን፣ ጁባ ላይ ሆቴል ያላት ሴት አየቻትና ለሥራ ጠራቻት። አንድ ሰኞ ዩኒፎርሙ ታጥቦ፣ ተጣጥፎ አልጋዬ ላይ ነበር። ስትደውልልኝ ድንበሩን አልፋለች።

ጁባም ባሕር የላትም። ሙቀቱ ከካምፓላ እጥፍ ነው ትላለች። ገንዘቡ ፓውንድ ነው፣ በየቀኑ ይወርዳል። ነጩ ዓባይ በአጠገቧ ያልፋል። ይህን የምትነግረኝ በአጭር በአጭሩ ነው፣ እኔ ስጠይቅ። «ተመለሺ» ስላት ዝም ትላለች። እኔም ሁለተኛ ሳልጠይቃት ስልኩ ይዘጋል።

ይህን ሁሉ ለሞላ አልነገርኩትም። ስምንት ወር ዋሸሁት። ባለፈው ቅዳሜ ደወለ፣ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥቶ።

«ልጄስ?»

«ትምህርት ቤት ናት።»

«በቅዳሜ?»

«እዚህ ቅዳሜም ያስተምራሉ።»

«አይ አገር!» አለ ደስ ብሎት። «ደብሬ፣ እሷን ለመከልከል መድከሜ ይቆጨኛል። ለሰው ሁሉ ነግሬያለሁ። ወንድሜ ሰምቶ ልጁን የሺን ሊልክልሽ ነው፤ በሬውን ሸጦላታል። አሥራ አምስት ሞላት። ለብቻዋ ናት፣ ግን አንቺ ድንበር ላይ ትቀበያታለሽ፣ ከስለናት ጋር አንድ ወንበር ይቀመጣሉ። በሚመጣው ቅዳሜ ከገበያተኛው ጋር ትወጣለች። ደብሬ? ትሰሚኛለሽ?»

እየሰማሁት ነበር። ጉብታው ላይ የሚነፍሰው ነፋስ እንኳ ይሰማኝ ነበር።

«አይሰማም» አልኩና ዘጋሁት።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ሦስት ጊዜ ደውሏል፣ አላነሣሁም። ይህን ወረቀት አለም በስልኳ ፎቶ አንሥታ ወገዳ ላሉ ጓደኞቿ ትልከዋለች። ከቅዳሜ በፊት የደረሰው ሰው፣ ማንም ቢሆን፣ ሄዶ ለሞላና ለወንድሙ ያንብብላቸው። በአፌ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር፣ አቃተኝ።

ስልኩ ይኸው እንደገና ይጠራል።