እናቴ ለመንግሥት የደወለች ዕለት

ይህ ነገር የገጠመኝ ከጦርነቱ በፊት በነበረ አንድ ክረምት፣ እዚሁ ካርቱም ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ በዚህች ከተማ ላይ ያልወረደ መከራ የለም። እንዲያም ሆኖ ሰዎች ስለ መንግሥትና ስለ አደጋ ባወሩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ያ ቀን ነው። መጀመሪያ ሳቄ ይመጣል፤ ከዚያ ቁጭቴ።

እናቴ ኢትዮጵያዊት ናት። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሱዳናዊ ነበር። ተወልጄ ያደግኩት ዴም በሚባለው የካርቱም ሰፈር ነው። አማርኛዬን ያስተማረችኝ እናቴ ስለሆነች ስህተት ካገኛችሁበት እሷን ጠይቁ፤ መልስ አታጣም።

በዚያን ጊዜ ስሙን በማልጠራው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። በአገሪቱ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ ላይ ለየመሥሪያ ቤቱ ድርሻ ተከፋፍሏል። አንዱ ሰው ያወጣል፣ አንዱ ድንኳን ያድላል፣ አንዱ መድኃኒት ያቀርባል። የእኛ ድርሻ ማስተባበር ነበር። ማስተባበር በተግባር ምን እንደሆነ በትክክል የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም፤ ብቻ ከሁሉም የሚከብደው ሥራ እሱ እንደሆነ ሁላችንም እናምን ነበር።

ግቢያችን ውስጥ ደግሞ አንድ ትልቅ የውሃ መሳቢያ ፓምፕ ነበረን። ማን እንደሰጠንና መቼ እንደመጣ የሚያስታውስ የለም። ሸራ ለብሶ ጥግ ላይ ቆሟል፤ የግቢው ድመት በየጊዜው እዚያ ሥር ትወልዳለች።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ሙዲራችን፣ ማለት ዋናው አለቃችን፣ በየሰፈሩ የቆርቆሮ ሰሌዳ አስተከለ። ሰሌዳው ላይ «ዝግጁ ነን» የሚል በትልቁ ተጽፎ ከሥሩ የስልክ ቁጥር አለው። አንዱ የተተከለው እኛ መንደር መጨረሻ፣ የጎርፍ መውረጃው ቦይ አፍ ላይ ነው። ያንኑ የሚመስል ትንንሽ ተለጣፊ ወረቀትም ታትሞ ተርፎ ስለነበር አንዱን ወስጄ እናቴ ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩላት።

«አንድ ነገር ቢፈጠር በዚህ ቁጥር ደውዪ። መንግሥት ይመጣል» አልኳት።

«የትኛው መንግሥት?»

«በሰዓቱ ያለው።»

እናቴ በዚያ ሰሞን አዳልጧት እግሯ ተሰብሮ ነበር። ጀሶ ታስሮላት ዐንገረቧ ላይ፣ ማለት የገመድ አልጋዋ ላይ፣ ተኝታለች። ቤታችን ደግሞ የጭቃ ቤት ነው። የጭቃ ቤት ዝናቡን ከላይ ይችላል፤ ውሃ እግሩ ሥር ከተኛበት ግን እየሟሸሸ ሄዶ ድንገት ይናዳል። የእናቴ አልጋ የተጠጋው ወደ መንገድ ያለውን ግድግዳ ነው።

አንድ ቀን ሲዘንብ አደረና ጠዋት የመሥሪያ ቤቱ መኪና መጥቶ ጡሩንባ ነፋብኝ። አስቸኳይ ስብሰባ ተጠርቷል። መንገዱ ገና ውሃ አልሞላም ነበር። ልቅር ወይስ ልሂድ ብዬ ሳመነታ እናቴ «ሂጂ እንጂ፤ አንቺ ከሌለሽ ማን ያስተባብራል?» አለችኝ። እያሾፈችብኝ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ግን ሄድኩ። ጎረቤታችን ሐጅ እድሪስ ብቅ እያሉ እንደሚያዩልኝ ቃል ገቡልኝ።

ስብሰባ ላይ ሞባይል አይፈቀድም። ሁላችንም አጥፍተን በር ላይ ቅርጫት ውስጥ አስቀመጥን። ጠረጴዛው መሀል የአደጋ ጊዜው ስልክ፣ ያ ቁጥሩ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው፣ የአበባ ማስቀመጫ አጠገብ ተቀምጧል። የየመሥሪያ ቤቱ ተወካዮች ሱሪያቸውን እየጠቀለሉ አንድ በአንድ ገቡ። ሰላምታው ብዙ ወሰደ። ከዚያ ማን ሰብሳቢ ይሁን በሚለው ላይ ውይይት ተደረገ። ውይይቱ ሳያልቅ የፉጡር ሰዓት ደረሰ።

ካርቱምን ለማያውቅ ሰው ልንገረው። ፉጡር ማለት ረፋድ ላይ የሚበላው ቁርስ ነው። በዚህች ከተማ ደመወዝ ሊዘገይ ይችላል፣ አውሮፕላን ሊዘገይ ይችላል፣ ፉጡር ግን አይዘገይም። ሰፊ ትሪ ላይ ፉል፣ እንቁላልና ዳቦ ቀረበ። የአገሪቱ የአደጋ ጊዜ አስተባባሪዎች በሙሉ እጅጌያቸውን ሰብስበው ትሪውን ከበቡ። ለዚህ አስተባባሪ አላስፈለገም።

ስልኩ የጮኸው ያኔ ነው።

ሁሉም እጁን ትሪው ላይ እንደዘረጋ ቀረ። ያ ስልክ ከተተከለ ጀምሮ ጮኾ አያውቅም ነበር።

ላነሳው ስል ሙዲሩ «ቆዪ» አለኝ። «በዕቅዱ መሠረት ጥሪ የሚቀበለው የመገናኛ ክፍል ነው።»

«ተወካያቸው አልመጣም፤ መንገዱ በውሃ ተዘግቶበት» አለ አንዱ።

«ከኛ ማንም አያንሳው። ያነሳው ሰው ኃላፊነቱን ወሰደ ማለት ነው» አለ ሙዲሩ።

የሲቪል መከላከያው መኮንን አፉን ጠራረገና በትሕትና ተናገረ። «ለእኛ የሚደወል ይመስለኛል። ግን እኛ ጥሪ የምንቀበለው በጽሑፍ ተላልፎልን ነው።»

ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ሁላቸውም እፎይ ብለው ወደ ትሪው ተመለሱ። ወዲያው እንደገና ጮኸ። ይሄኔ ትዕግሥቴ አለቀና ብድግ ብዬ አነሳሁት።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ያ ወለዲ፣ ልጄ» አለ ድምፁ። «እንዴት አደርክ? ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና ነው? ሥራ እንዴት ነው?»

ዐረብኛው የእናቴ ዐረብኛ ነው።

«እማ፣ እኔ ነኝ» አልኳት በአማርኛ።

«አማል? አንቺን አይደለም እኮ የፈለግኩት። መንግሥትን ነው።»

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ስልኩን አትያዢብኝ ልጄ፤ ለመንግሥት ስጪው። ውሃው ቤት ገብቷል።»

ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍቼ ስልኩን ሙዲሩ ፊት አስቀመጥኩት። «እናቴ ናት። ዴም ነው ያለችው። እግሯ ተሰብሯል፣ መነሳት አትችልም» አልኩ።

ሙዲሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። እጁን አደራርቆ «አህለን ያ ኻላ፣ አክስቴ፣ እንዴት አደርሽ? ጤናሽ እንዴት ነው?» ብሎ ጀመረ። እናቴም አልሐምዱሊላህ ብላ የእሱን ጤና ጠየቀች። እሱም የእግሯን ጠየቀ። እኔ ጠረጴዛውን ጨብጬ ቆሜያለሁ። ሁለቱም ሰላምታውን በወጉ ሳይጨርሱ ወደ ውሃው አልገቡም።

«ቤትሽ በየትኛው በኩል ነው?» አለ መጨረሻ ላይ፣ ግድግዳው ላይ ወዳለው ካርታ ዞሮ።

እናቴ ነገረችው። የካርታው ቀይ መስመር ያለፈው በእኛ መንገድ ላይ ነበር። ከመስመሩ ወዲህ የዴም ኮሚቴ፣ ወዲያ ደግሞ የአጎራባቹ ሰፈር የሳጃና ኮሚቴ ነው። መኮንኑ ተጠግቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ውሃው የገባው ከየትኛው ወገን እንደሆነ መታወቅ አለበት» አለ።

«ያ ወለዲ፣ ሲገባ አልጠየቅኩትም» አለች እናቴ።

«ፓምፑ ግቢ ውስጥ አለ» አልኩ እኔ። ሁሉም በመስኮቱ አሻግረው ፓምፑን አዩት። ፓምፑ የእኛ ነው፣ የሚጎትተው መኪና የሌላ መሥሪያ ቤት ነው፣ ነዳጁ የሦስተኛው ነው፣ ሾፌሩ ደግሞ ፉጡር ላይ ነው። ሙዲሩ ጉዳዩ አስቸኳይ እንደሆነ ተናገረና በአስቸኳይ ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ተደገፈ።

ከስልኩ ውስጥ የሰው ጫጫታ መጣ። «አማል» አለች እናቴ። «ሐጅ እድሪስ ተከራዮቻችንን ጠርተው መጥተዋል። ከነአልጋዬ ሊያነሱኝ ነው። ብርሃኑ፣ ቀስ በል…» አለችና ስልኩ ተቋረጠ።

ፈራሁ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም፤ በጦርነቱም እንኳ። ከቅርጫቱ ሞባይሌን አንስቼ ስወጣ ሙዲሩ «ቃለ ጉባኤውስ?» አለኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩለት እዚህ አልጽፍም፤ እናቴ ልታነበው ትችላለች።

ትልቁ ገበያ ሱቅ ዐረቢ ስደርስ ሐፍላዎቹ፣ ማለት የከተማው አውቶቡሶች፣ እስከ በራቸው ውሃ ውስጥ ቆመዋል። አንድ የረክሻ፣ ማለት የባጃጅ፣ ሾፌር ትንሽ ወስዶ አወረደኝ። «የላ ኡኽቲ፣ በይ እህቴ፣ ከዚህ ወዲያ ጀልባ ነው የሚያስፈልግሽ» አለኝ። ጫማዬን በእጄ ይዤ በውሃ ውስጥ ሄድኩ። በየመንገዱ የተናደ ግድግዳ ባየሁ ቁጥር የኛን ነበር የማየው።

መንደራችን ስገባ መጀመሪያ ያየሁት እናቴን ነው። ሐጅ እድሪስ በር ላይ ባለው ከፍ ያለ መደብ ላይ፣ ከነዐንገረቧ፣ ጀሶዋ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ እንደ ንግሥት ተቀምጣ ትእዛዝ ትሰጣለች። ዘልዬ አቀፍኳትና አለቀስኩ።

«መንግሥት መጣ?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ የመጣሁት።»

«እንግዲያው ያንን ባሊ ያዢ» አለችኝ።

እዚህ አገር ነፊር የሚባል ነገር አለ። አንድ ሰው «ነፊር!» ብሎ ከጠራ መንደሩ ሥራውን ጥሎ ይወጣል፤ ሰብሳቢ የለው፣ ንዑስ ኮሚቴ የለው። ሐጅ እድሪስ በራቸው ላይ ቆመው ጮኸው ነበር። ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን ሁሉ ወጥተዋል። እናቴ ቤት አንዷን ክፍል የተከራዩት ልጆችም አሉ፤ ብርሃኑ፣ ሙሉጌታና ከድር። ሦስቱም ከኢትዮጵያ ወጥተው ወደፊት ለመሄድ መንገድ የሚጠብቁ፣ እስከዚያው ሲሚንቶ በመሸከም የሚኖሩ ናቸው። አልጋውን ያነሱት እነሱ ነበሩ።

ብርሃኑ ቦዩ ውስጥ እስከ ደረቱ ገብቶ ውሃው ለምን እንደማይወርድ በእጁ ይዳብሳል። አንድ ነገር ያዘና ሌሎቹ ተጋግዘው ጎትተው አወጡት። የመሥሪያ ቤታችን ሰሌዳ ነበር። ነፋስ ጥሎት የቦዩን አፍ ግጥም አድርጎ ዘግቶታል። «ዝግጁ ነን» ይላል፣ ጭቃ ለብሶ።

ሰሌዳው እንደወጣ ውሃው እየተጉረመረመ መውረድ ጀመረ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ግን መታወቂያዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ መምጣቴ ትዝ ብሎኝ በነጠላዬ ሸፈንኩት። ብርሃኑ ቆርቆሮውን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና «ይሄ ጠንካራ ነው» አለ። ከሚናደው ግድግዳ ጋር አስጠግቶ፣ በእንጨት ደግፎ፣ በአፈር ጆንያ አጥብቆ አሰረው። ግድግዳው አጋድሎ ነበር፤ እዚያው ቆመ።

ፓምፑ የመጣው ከቀናት በኋላ፣ መንደሩ ደርቆ አቧራ መነሳት ሲጀምር ነው። ሙዲሩ፣ መኮንኑና አንድ የካሜራ ባለሙያ አብረው መጡ። የመንግሥት መኪና ሲያዩ እነብርሃኑ በጓሮ ዘለው ተሰወሩ፤ መኖሪያ ፈቃድ የላቸውማ። ካሜራው ተዘጋጅቶ ውሃ ጠፋ። «ትንሽ ውሃ አይኖርም?» ብለው ጠየቁ። ሲያጡ የፓምፑን ቱቦ የሐጅ እድሪስ የመጠጥ ውሃ በርሜል ውስጥ ከተቱት። በአንድ ትንፋሽ መጠጠው። ሐጅ እድሪስ ባዶ በርሜላቸውን ተመልክተው «ማሻአላህ፣ ጥሩ ይሠራል» አሉ።

ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ሙዲሩ ቃል በቃል እያስጻፈኝ። «መሥሪያ ቤቱ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ በቦታው ተገኝቶ ጉዳት እንዳይደርስ ደግፏል» ይላል። ለእናቴ ሳነብላት ቆርቆሮውን አየት አድርጋ «ውሸት የለበትም» አለች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ እነብርሃኑ አንድ ጠዋት ተሰናብተውን ወደ ሰሜን ሄዱ። ከዚያ ጦርነቱ መጣና እኛም ወደ ገዳሪፍ ሸሸን።

በቅርቡ ስንመለስ መሥሪያ ቤታችን ተቃጥሎ ጣሪያ የለውም። ካርታው፣ ስልኩ፣ ፓምፑ፣ ሁሉም የሉም። ዴም ስንደርስ እናቴ ከመኪና ሳትወርድ ግድግዳውን ፈለገች። ጥይት በሳስቶታል፣ ቆርቆሮው ዝጓል፣ ጽሑፉ ለቋል። ግን ቆሟል። በመዳፏ መታ መታ አደረገችውና «የብርሃኑ እጅ» አለች።

በዚያ ስብሰባ ላይ የተገኘውን ሰው ሁሉ ስም ከነማዕረጉ ጽፌያለሁ። እናቴን ከውሃ ያወጡት ልጆች ግን አንድም ቦታ አልተጻፉም። ይቆጨኛል፤ ይህን የጻፍኩትም ለዚያ ነው። ብርሃኑ፣ ሙሉጌታ፣ ከድር፣ የት እንዳላችሁ አላውቅም። ከእናንተ አንዱ ይህን ካነበበ ግድግዳው እንዳልወደቀ ይወቅልኝ። እናቴ ክፍላችሁን ለሌላ ሰው አላከራየችም።