ሁለት ወጌሾች፣ አንድ ትከሻ

ከበርበሬ በረንዳ ጀርባ ባለችው ክፍሌ ወለምታ ሳሽ፣ ውልቃት ስመልስ ነው ያረጀሁት። እኛ ወጌሾች አንድ ክፉ ልማድ አለን። በሽተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው «የት አመመህ?» ብለን አይደለም፤ «ማን ነካህ?» ነው የምንለው። ከዚያ ከእኛ በፊት ያሸውን ሰው እናጣጥላለን።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ከአትክልት ተራ አንድ ተሸካሚ መጣ። ሽንኩርት ሲያወርድ ከመኪናው ላይ ተንሸራቶ በትከሻው ወድቋል። ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ ይዞታል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ማን ነካህ?» አልኩት።

«አብነት ሰፈር ያለችው ወጌሻ።»

ሴትዮዋን በዝና ነው የማውቃት። አንዳንድ ደንበኞቼ ወደ እሷ ከሄዱ ወዲህ ወሬዋ ሲነሳ ደስ አይለኝም ነበር። «እሷ ናታ ያበላሸችህ!» አልኩ ጮክ ብዬ።

«ሊጥ መስሏት ይሆናል» አለ አግዳሚው ላይ ተራ ከሚጠብቁት አንዱ። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ይሄው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ቅባት ቀባሁና ክንዱን ይዤ ጎተትኩ። አንዴ ብቻ ነው። ሰውዬው ጮኸ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ጩኸቱ አይደለም፤ እጄ ስር አጥንቱ እንደ አሸዋ ተንኮሻኮሸ። ውልቃት እንዲያ አይልም።

«እስቲ ጣቶችህን አንቀሳቅስ።»

«ደንዝዘዋል፣ ጋሼ። ይቺ እጅ ከሄደች እኮ ልጆቼ ምን ይበላሉ?»

አግዳሚው ላይ ያሉት እጅ እጄን ያዩኛል። በእኛ ሙያ «አልቻልኩም» ማለት በገዛ እጅ በር እንደ መዝጋት ነው። ደግሜ ብጎትተው የሚከለክለኝ አልነበረም። ቀስ ብዬ እጄን አነሳሁ።

«እሷ ምን አድርጋህ ነበር?» አልኩት።

አንገቱን ደፋ። «ዳሰሰችኝ እንጂ አልጎተተችኝም። ራጅ ሳትነሳ ማንም እንዳይጎትትህ አለችኝ። ሐኪም ቤት ፈራሁና ወደ እርስዎ መጣሁ።»

የሴትዮዋን ስልክ ቁጥር ከሱ ተቀብዬ ደወልኩ። ማን እንደሆንኩ ነገርኳትና «ጎተትኩት» አልኳት። «ተንኮሻኮሸብኝ። ጣቱም ደንዝዟል።»

ስድብ ነበር የጠበቅሁት። እሷ ግን «ወላሂ ጋሼ፣ እኔም አንዷን እንዲሁ አድርጌ ሳምንት ሙሉ እህል አልወርድ ብሎኝ ነበር» አለችኝ። «አሁን እንዳያሹት። ክንዱን እንዳለ ከደረቱ ጋር ይሰሩት። ታክሲ ይዤ መጣሁ። እንደጎተቱትም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ እንዳይደብቁ!»

እሷ መጣችና ተሸካሚውን በመሃል አስቀምጠን ሐኪም ቤት ሄድን። ለሐኪሙ ሁሉንም ተናገርኩ። እሱም «እንኳን ነገሩኝ፣ አባቴ» ብሎ ወደ ራጅ ላከው። አጥንቱ ተሰንጥቆ ነው የወለቀው። አደንዝዘው መለሱለት። ስንሰነባበት አውራ ጣቱን አንቀሳቅሶ አሳየን፤ ሴትዮዋ እልል አለች፣ ነርሷ ተቆጣቻት።

በማግስቱ ከሳቁት ሁለቱ አግዳሚው ላይ ነበሩ። «ትናንት ያማኋት ሴት ልክ ነበረች፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ተነስተው ይሄዳሉ ብዬ ነበር። አጠገባቸው የነበረች ጉልበቷን የሚያማት አንዲት እናት ግን «እንግዲያው የኔን ቢያቅትዎት ደብቀው አያሹኝም ማለት ነው» ብላ እግሯን ዘረጋችልኝ።

ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ አብነት፣ የወጌሻዋ ቤት እንሰበሰባለን። አሁን ስድስት ወጌሾች ሆነናል። የበሽተኛው ስም ሳይነሳ የከበደን ነገር ይወራል፤ የተሳሳተ ስህተቱን ይናገራል፤ ከዚያ ተራ በተራ አንዳችን ሌላችንን እናሻለን። «የእርስዎ ጀርባ ከበሽተኞችዎ አይብስም እንዴ?» ትለኛለች፣ በክርኗ እየተጫነችኝ።

ሐኪሙ ሲፈቅድ የተሸካሚውን የደረቀ ትከሻ እሷና እኔ እየተፈራረቅን አፍታታነው። መጀመሪያ እጁ ከደረቱ አልወጣም፤ ቆይቶ ጆሮውን ነካ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ የክፍሌን ጣሪያ ነካው።

አንድ ጠዋት ቲማቲም ልገዛ አትክልት ተራ ወርጄ መተላለፊያው ላይ ቆሜ ሳለ፣ ከኋላዬ «ዞር በል! ዞር በል!» የሚል ድምፅ መጣ። ዞሬ ባይ እሱ ነው፤ ጆንያ በቀኝ ትከሻው ተሸክሟል፣ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ደግፎታል።

«ጋሼ፣ ዞር ይበሉ እንጂ! እንዳልጥልዎት!» ብሎ እየሳቀ አለፈ።

ቲማቲሙን ረሳሁት። ለእሷ ልነግራት በዚህ ዕድሜዬ ወደ አብነት ሮጥኩ ማለት ይቻላል።